ሥዕልና ጽሕፈት፦ በኮምፒውተር ቼዝ የባለ ሦስት አውታርና የጠፍጣፋ ሰሌዳ ማሳያዎች ንጽጽር



ስለ ቼዝ ለመናገር ስነሣ ከመካከላችሁ ጨዋታውን የማያውቅ እንደሚኖር አልዘነጋሁም። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ጥቂት ዕውቀት ይበቃል። ሰሌዳው 64 ቤቶች አሉት። በየወገኑ 16 ጠጠሮች ይሰለፋሉ። ዓይነታቸው 6 ነው፤ እነርሱም ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ግንብ፣ ጳጳስ፣ ፈረስና ወታደር ናቸው። ግንብ በቁምና በአግድም፣ ጳጳስ በሰያፍ፣ ንግሥት በእነዚህ አቅጣጫዎች ሁሉ ይሄዳሉ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ ላሳስብ።

ጥያቄዬ የሚከተለው ነው። የዛሬ ኮምፒውተር እብነ በረድን ከነጸብራቁ፣ እንጨትን ከነጅማቱ፣ ጠጠርን ከነጥላው በስክሪን ላይ ማሳየት ይችላል። ይህ ችሎታ በእጃችን ባለው ስልክ ውስጥ እንኳ አለ። ይህም ሆኖ እንደ ሊቼስ ያሉ ብዙ ሰው የሚጫወትባቸው መድረኮች ስንከፍታቸው የሚያቀርቡልን ከላይ የታየ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ባለ ሦስት አውታሩ ማሳያ፣ በተለምዶ ስሪ-ዲ የምንለው፣ ፈልጎ ለሚመርጠው ሰው የተቀመጠ አማራጭ ሆኖ ቀርቷል። ቴክኖሎጂው ወደፊት ሲገሠግሥ ተጫዋቹ ለምን በቀደመው ቦታ ቆመ?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ልማድ ነው» የሚል ነው። ልማድ ድርሻ እንዳለው አልክድም። ነገር ግን ይህ መልስ ከጥያቄው በታች ያለውን ቁም ነገር ይሸፍነዋል። እኔ የምከራከርለት ሐሳብ፣ ባለ ሦስት አውታሩ ማሳያ የሰሌዳው ሥዕል ሲሆን ጠፍጣፋው ማሳያ የሰሌዳው ጽሕፈት ነው የሚል ነው። ሥዕል ነገሩ ምን እንደሚመስል ያሳየናል፤ ጽሕፈት ግን በነገሩ እንድናስብ ያስችለናል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ አድርገን «የትኛው ይበልጣል?» ብለን ከጠየቅን፣ በቼዝ ብቻ ሳይሆን በምርምር ሥራችንም እንሳሳታለን።

ከሰሌዳ አልባ ማሽን እስከ መነጽሩ

ታሪኩን በአጭሩ ልመልከት። በ1976 ፒተር ጄኒንግስ ማይክሮቼስ የተባለውን ፕሮግራም ኪም-1 ለተባለች አነስተኛ ኮምፒውተር አዘጋጀ። ማህደረ ትውስታዋ ከ1 ኪሎ ባይት ብዙም አይበልጥም ነበር። ስክሪን አልነበራትም፤ የነበራት 6 አኃዞችን የምታሳይ ትንሽ መስኮት ብቻ ነበረች። ተጫዋቹ እርምጃውን በቁጥር ያስገባል፤ ማሽኗም በቁጥር ትመልስለታለች። ሰሌዳውንና ጠጠሮቹን አጠገቡ ዘርግቶ የሚያንቀሳቅሰው ራሱ ሰውዬው ነበር።

ከ10 ዓመት በኋላ በ1986 የወጣው ቼስማስተር 2000 ጠፍጣፋውንም ባለ ሦስት አውታሩንም ማሳያ በአንድነት አቀረበ። በ1988 ኢንተርፕሌይ ያወጣው ባትል ቼስ ደግሞ ጠጠሮቹን ነፍስ ዘራባቸው። ፈረሱ ባለ ሰይፍ ጦረኛ፣ ግንቡ የድንጋይ ጭራቅ ሆነው አንዱ ሌላውን ሲበላ እውነተኛ ፍልሚያ ይታያል። ጨዋታው በብዙዎች ዘንድ ተወደደ። ሆኖም በዚያው ፕሮግራም ውስጥ ፍልሚያውን ትቶ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ለሚመርጥ ተጫዋች አማራጭ ተቀምጦለት ነበር። አዘጋጆቹ ማየት የሚፈልግ ሰውና ማሰብ የሚፈልግ ሰው እንደሚለያዩ ሳይረዱት አልቀሩም።

የዚህ ጉዞ ጫፍ በኅዳር ወር 2003 ኒው ዮርክ ላይ ታየ። ጋሪ ካስፓሮቭ ኤክስ-ስሪ-ዲ ፍሪትዝ ከተባለው ፕሮግራም ጋር 4 ጨዋታ ተጫወተ። በፊቱ እንጨት ሰሌዳ አልነበረም። ልዩ መነጽር አድርጎ በአየር ላይ የተንሳፈፈ የሚመስል ሰሌዳ ይመለከትና እርምጃውን በድምፁ ይናገራል። ወደዚህ ግጥሚያ ኋላ እመለስበታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ማሽኑ ራሱ ምን እንደሚያይ ልንገራችሁ።

ማሽኑ ምንም አያይም

ለተማሪዎቻችን ይህ ክፍል የታወቀ ይሆናል። በብዙ የቼዝ ፕሮግራሞች ውስጥ ሰሌዳው 64 ቢት ባላቸው ሙሉ ቁጥሮች ይወከላል። ለእያንዳንዱ የጠጠር ዓይነትና ቀለም አንድ ቁጥር ይመደባል፤ 6 ዓይነት በ2 ቀለም ሲባዛ 12 ቁጥር ይሆናል። በአንድ ቤት ላይ ጠጠሩ ካለ ተጓዳኙ ቢት 1፣ ከሌለ 0 ነው። ለማሽኑ ፊትና ኋላ፣ ቅርብና ሩቅ፣ ነጭ እንጨትና ጥቁር እንጨት የሚባል ነገር የለም።

ከዚህም በላይ አስቢው ክፍልና አሳዪው ክፍል ዛሬ ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው። በ2000 ይፋ የሆነው ዩሲአይ የተባለው የመግባቢያ ሥርዓት ሁለቱን በተራ ጽሑፍ ያገናኛቸዋል። አሳዪው የሰሌዳውን ሁኔታ በአንድ መስመር ጽፎ ይልካል፤ አስቢው የመረጠውን እርምጃ በጥቂት ፊደልና አኃዝ ይመልሳል። አሳዪው በስክሪኑ ላይ እብነ በረድ ይሣል ወይም ጠፍጣፋ ምልክት፣ አስቢው የሚያውቀው ነገር የለም።

እንግዲህ በሰውና በማሽን ግጥሚያ የማሳያው ጉዳይ የሚመለከተው ሰውን ብቻ ነው። ማሳያው ከከበደ የሚከብደው ለአንደኛው ወገን ነው። ስለዚህ የማሳያ ምርጫን እንደ ጌጥ ጉዳይ አድርገን ልናልፈው አይገባም።

እኩል መረጃ፣ እኩል ያልሆነ ድካም

ለዚህ ንጽጽር የሚረዳንን መሠረታዊ መለያ ያቀረቡት ጂል ላርኪንና ኸርበርት ሳይመን ናቸው። በ1987 ባሳተሙት ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለይተዋል። ሁለት አቀራረቦች በመረጃ እኩል የሚባሉት በአንዱ ያለው ሁሉ ከሌላውም ሊገኝ ሲችል ነው። በስሌት እኩል የሚባሉት ግን ከአንዱ በቀላሉና በፍጥነት የሚገኘው ከሌላውም በዚያው ቅለትና ፍጥነት ሲገኝ ነው።

ዛሬ በተለመደው አኃዝና በሮማውያን አኃዝ የተጻፈ አንድ ቁጥርን አስቡ። መረጃው አንድ ነው። በሮማውያን አኃዝ ለማባዛት የሞከረ ሰው ግን ድካሙ አንድ እንዳልሆነ ያውቃል። ሁለቱ የቼዝ ማሳያዎችም እንዲሁ ናቸው። ጠጠሮቹ ሁሉ እስከታዩ ድረስ የሚሰጡት መረጃ አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ከማሳያው ላይ መልስ ለማውጣት ዓይንና አእምሮ በሚከፍሉት ዋጋ ላይ ነው። ይህንን ዋጋ በግምት ሳይሆን በጂኦሜትሪ ማስላት ይቻላል።

የመከለል ሒሳብ

የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ለውድድር ዕቃዎች ባወጣው መለኪያ ንጉሥ ወደ 9.5 ሳንቲ ሜትር፣ ወታደር ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ቁመት አላቸው። የአንድ ቤት ጎን ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ነው። ለስሌታችን 5.5 እንውሰድ። የሒሳቡን ሐሳብ ለማቅለል ደግሞ ርቀት መጠንን የማይለውጥበትን አጣጣል እንጠቀም።

ካሜራው ከሰሌዳው ወለል በ45 ዲግሪ ከፍ ብሎ ወደ ታች ይመልከት እንበል። የቤቱ ጥልቀት በስክሪኑ ላይ ወደ 71 በመቶ ያጥራል፤ 5.5 የነበረው 3.9 ይሆናል። የንጉሡ ቁመትም በ71 በመቶ ይታያል፤ 9.5 የነበረው 6.7 ይሆናል። ንጉሡ የቆመው በቤቱ መካከል ነው። ስለዚህ የራሱን ቤት ግማሽ ከሸፈነ በኋላ ከኋላው ያለውን ቤት በቁመት ሙሉ በሙሉ አልፎ የሚቀጥለውን ሩብ ያህል ይደርሳል።

ካሜራው ወደ 30 ዲግሪ ዝቅ ሲል ነገሩ ይብሳል። ያው ንጉሥ ከኋላው ሁለት ቤት ተኩል ድረስ ይዘልቃል። ትንሹ ወታደር እንኳ የኋላውን ቤት በቁመት አልፎ ወደ ቀጣዩ ይደርሳል። ካሜራው ወደ 60 ዲግሪ ከፍ ሲል ግን ንጉሡ የሚነካው የቀጣዩን ቤት ግማሽ ብቻ ነው። በ90 ዲግሪ መከለል ጨርሶ ይጠፋል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ማሳያው ጠፍጣፋ ሆኗል ማለት ነው። እነሆ የባለ ሦስት አውታር ማሳያ አዘጋጅ መከራ፦ ሥዕሉ ይበልጥ እውነተኛ እንዲመስል ካሜራውን ባወረደ ቁጥር ሰሌዳው ይከለላል፤ ሰሌዳው እንዲታይ ካሜራውን ባነሣ ቁጥር የሦስተኛው አውታር ጥቅም ይቀንሳል።

ሁለተኛው ዋጋ በአቅጣጫ ላይ የሚከፈል ነው። በጠፍጣፋው ሰሌዳ ሰያፍ መስመር ሁልጊዜ 45 ዲግሪ ነው። በ30 ዲግሪ እይታ ግን ያው ሰያፍ በስክሪኑ ላይ ወደ 27 ዲግሪ ይወርዳል። ርቀት መጠንን የሚለውጥበት እውነተኛው አጣጣል ሲጨመርበት የሩቆቹ ቤቶች ከቅርቦቹ ያንሳሉ፤ ትይዩ የነበሩ ሰያፎች ትይዩነታቸውን ያጣሉ። የጳጳስና የንግሥት ኃይል የሚታየው በሰያፍ ነው። ከሰሌዳው አንድ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ የሚወረወር ጳጳስን አለማየት ጀማሪን ብቻ ሳይሆን የበቃ ተጫዋችንም ዋጋ ያስከፍላል።

ሦስተኛው ዋጋ የሚገጥመው የጣት ስልክ ተጠቃሚን ነው። ስፋቱ 6.4 ሳንቲ ሜትር በሆነ ስክሪን ላይ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ለእያንዳንዱ ቤት 8 ሚሊ ሜትር ይሰጣል። ያ ለአዋቂ ጣት ጠባብ ነው። በባለ ሦስት አውታር ማሳያ የሩቆቹ ቤቶች ከዚያም ያንሳሉ። በዚህ ላይ የንጉሡ ራስ በኋላው ቤት ላይ አርፏል። ተጫዋቹ እዚያ ቦታ ሲነካ የፈለገው ንጉሡን ነው ወይስ የኋላውን ቤት? ፕሮግራሙ መገመት አለበት። በጥቂት ሰከንድ በሚቆጠር ጨዋታ አንድ የተሳሳተ ግምት ጨዋታውን ያስጨርሳል።

እውነተኛው ሰሌዳ ግን እንዴት ተቻለ?

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «ተጫዋቾች ለብዙ መቶ ዓመታት በእንጨት ሰሌዳ ፊት ተቀምጠው ከጎን እያዩ ተጫውተዋል፤ መከለሉ እዚያም አለ። ታዲያ ለምን አላስቸገራቸውም?» የሚል ነው።

መልሱ በሰሌዳው ሳይሆን በተመልካቹ አካል ላይ ይገኛል። በእንጨት ሰሌዳ ፊት የተቀመጠ ሰው ሁለት ዓይን አለው፤ ሁለቱ ዓይኖች ከተለያየ ቦታ ስለሚያዩ ርቀትን ያመዛዝናሉ። አንገቱን ሲያዘነብል ወይም ወደፊት ሲያጎነብስ የተከለለው ይገለጣል፤ ቅርቡና ሩቁም ተለያይተው ይንቀሳቀሳሉ። ሲሻው ተነሥቶ በላይ ሆኖ ይመለከታል። በተራ ስክሪን ላይ የተሣለ ባለ ሦስት አውታር ሰሌዳ ግን ለሁለቱም ዓይኖች አንድ ምስል ይሰጣል፤ ተመልካቹ አንገቱን ቢያንቀሳቅስም ምስሉ አይለወጥም። ስለዚህ ይህ ማሳያ የእንጨቱን ሰሌዳ ጉዳት ወርሶ መድኃኒቱን እዚያው ትቶታል። ማነጻጸር ያለብንም ሁለት ሳይሆን ሦስት ነገሮችን ነው፦ እውነተኛ ሰሌዳ፣ የእውነተኛ ሰሌዳ ሥዕልና የሰሌዳ ጽሕፈት።

ጠፍጣፋው ሰሌዳ ምንድን ነው?

ጠፍጣፋውን ማሳያ «ከላይ የታየ ሰሌዳ» ብዬ ጠርቼዋለሁ። አገላለጹ ግን በጥንቃቄ ሲመረመር ትክክል አይደለም። የቼዝ ጠጠሮችን በእርግጥ ከላይ ብታዩአቸው አብዛኞቹ ክብ ሆነው ይታያሉ፤ ጳጳስን ከወታደር ለመለየት ትቸገራላችሁ። በጠፍጣፋው ማሳያ ሰሌዳው ከላይ ሲታይ ጠጠሮቹ ከጎን የታዩ ናቸው። አንድ ካሜራ ከየትኛውም ቦታ ሆኖ እንዲህ ያለ ምስል ሊያነሣ አይችልም። ሁለት እይታዎች ለአንድ ዓላማ ተጋብተዋል፦ ቦታው ከሚታወቅበት አቅጣጫ ቦታው፣ ማንነቱ ከሚታወቅበት አቅጣጫ ማንነቱ።

ይህ ዓይነቱ ስምምነት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ከሃድያን በአንድ ዓይን ከጎን የመሣል ልማድ አለ። ይህን የሚያይ ምእመን «ሠዓሊው የት ቆሞ ነበር?» ብሎ አይጠይቅም። አቅጣጫው ራሱ ትርጉም ተሸክሟል፤ ምእመኑም ያነብበዋል።

የቼዝ ሰሌዳ ሥዕላዊ መግለጫም የኮምፒውተር ልጅ አይደለም። በ1497 ሳላማንካ ላይ በታተመው የሉሴና መጽሐፍ ውስጥ የሰሌዳ ሥዕላዊ መግለጫዎች ይገኛሉ። በ1849 ናትናኤል ኩክ ያስመዘገበው፣ በሃዋርድ ስታውንተን ስም የሚጠራው የጠጠር ቅርጽ ሲስፋፋ፣ ከጎን የሚታየው የእያንዳንዱ ጠጠር ገጽታ አንድ ወጥ እየሆነ ሄደ። ከመጽሐፍ ወደ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣ ወደ ስክሪን የተሸጋገረው ይኸው ከ500 ዓመት በላይ የተሞረደ የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። ቀደምት ፕሮግራም አዘጋጆች ጠፍጣፋ ሰሌዳን የመረጡት የማሽን ዐቅም ስላነሳቸው ብቻ አልነበረም፤ ተጫዋቹ ማንበብ የለመደው ጽሕፈት በእጃቸው ስለነበረም ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ የራሳችን ቋንቋ የሚመሰክረው ነገር አለ። ሰንጠረዥ ብለን የምንጠራው ጥንታዊው የአገራችን ቼዝ ነው። በጥናት ጽሑፋችን ውስጥ ቁጥሮችን በረድፍና በዓምድ የምናሰፍርበትንም ሰንጠረዥ እንለዋለን። ጨዋታውና የመረጃ ማስፈሪያው መዋቅር አንድ ስም ይዘዋል። በሰንጠረዥ ይጫወቱ የነበሩ አባቶች ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር የተሰመረበት እንጂ ነጭና ጥቁር የተፈራረቀበት አልነበረም። የቀለም መፈራረቅ ለጨዋታው ሕግ አያስፈልግም፤ ዓይን ሰያፉን እንዲከተል ይረዳል እንጂ። ሕጉ የሚጠይቀው ረድፍና ዓምድ ብቻ ነው።

የበቃ ተጫዋች የሚያየው

ጽሕፈት ነው ካልኩ የሚያነብበው እንዴት እንደሆነ ማሳየት ይጠበቅብኛል። ሆላንዳዊው አድሪያን ደ ግሮት በ1946 በጀመረው የምርምር መስመር ላይ ተመሥርተው ዊልያም ቼዝና ኸርበርት ሳይመን በ1973 አንድ የታወቀ ሙከራ አቀረቡ። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሰሌዳ ለ5 ሰከንድ ያሳያሉ፤ ከዚያ ተመልካቹ ከትዝታው መልሶ ይደረድረዋል። ሃያ ምናምን ጠጠሮች ካሉበት ሰሌዳ የላቀው ተጫዋች በመጀመሪያ ሙከራ ወደ 16፣ መካከለኛው ወደ 8፣ ጀማሪው ወደ 4 ጠጠሮች በትክክል አስቀመጡ። ጠጠሮቹ ያለ ሥርዓት በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን የላቀው ተጫዋች ብልጫ ጠፋ።

የላቀው ተጫዋች የሚያየው ነጠላ ጠጠሮችን ሳይሆን የተያያዙ ስብስቦችን ነው፤ ማንበብ የቻለ ሰው ፊደል በፊደል ሳይሆን ቃል በቃል እንደሚያነብ። ፈርናንድ ጎቤና ሳይመን በ1996 ባቀረቡት ሥራ ደግሞ የታወቁ አቀማመጦች እንደ መስታወት ምስል ሲገለበጡ የማስታወስ ችሎታ በመጠኑ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በጠጠሮቹ መካከል ያለው ዝምድና ሳይጎድል የቦታ መቀየሩ ብቻ ለውጥ አመጣ። ስለዚህ ዓይን የለመደው አቀማመጥ ዋጋ አለው። አልፍሬድ ቢኔም ገና በ1894 ሰሌዳ ሳያዩ የሚጫወቱ ሰዎችን አጥንቶ፣ ብርቱዎቹ ተጫዋቾች በአእምሯቸው የሚይዙት የጠጠሮቹን ዝርዝር መልክ ሳይሆን ረቂቅ ዝምድናቸውን መሆኑን ገልጿል።

እነዚህ ጥናቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ። አእምሮ ለማሰብ የሚፈልገው የእንጨቱን ጅማት አይደለም። ማሳያው ለዚያ ረቂቅ ዝምድና በቀረበ መጠን መንገዱ ያጥራል። ባለ ሦስት አውታሩ ማሳያ መጀመሪያ ነገሩን ሥዕል ያደርገዋል፤ ተመልካቹም ሥዕሉን መልሶ ወደ ዝምድና ሊተረጉም ይገደዳል።

የካስፓሮቭ ግጥሚያ የሚያስተምረን

አሁን ወደ 2003ቱ ግጥሚያ ልመለስ። የመጀመሪያው ጨዋታ በአቻ ተጠናቀቀ። በሁለተኛው ካስፓሮቭ በ32ኛው እርምጃ ግንቡን ወደማይሆን ቦታ ወስዶ ተሸነፈ። በሦስተኛው ወታደሮች እርስ በርስ የተቆላለፉበት ጨዋታ ፈጥሮ፣ ፕሮግራሙ ዕቅድ አጥቶ ሲንገላታ በግሩም ሁኔታ አሸነፈ። አራተኛው በአቻ አለቀ፤ ውጤቱም 2 ለ 2 ሆነ።

የሁለተኛውን ጨዋታ ስህተት አንሥቶ «መነጽሩ አሳሳተው» ማለት ይቀላል። እኔ ግን ተማሪዎቼ እንዲህ ቢጽፉልኝ አልቀበላቸውም። ታላላቅ ተጫዋቾች በእንጨት ሰሌዳ ፊትም ይሳሳታሉ። ሦስተኛውን ጨዋታ ያሸነፈውም በዚያው መነጽር ነው። ማሳያው ለሽንፈቱ ምክንያት ከሆነ ለድሉም ምክንያት መሆን አለበት። አራት ጨዋታ ማስረጃ አይሆንም። ግጥሚያው በእርግጥ የሚያስተምረን የሁለቱን ወገኖች ሁኔታ አለመመጣጠን ነው፤ አንደኛው እንግዳ እይታን መላመድ ነበረበት፣ ሌላኛው ግን የሚላመደው ነገር አልነበረውም። በ1997 ከዲፕ ብሉ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ካስፓሮቭ የተቀመጠው በተራ ሰሌዳ ፊት ነበር፤ የማሽኑን እርምጃ ጠጠር እያነሣ የሚያስቀምጥለት ሰው ነበር። ያኔ ሰውየው የለመደው ሰሌዳ ተጠብቆለታል።

ለባለ ሦስት አውታሩ የሚገባው ክብር

እስካሁን ያልኩት ለአንድ ወገን ያደላ ሊመስል ይችላል። ሚዛኑን ላስተካክል። በሦስት ሁኔታዎች ሦስተኛው አውታር ዋጋውን ይከፍላል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው የሽግግር ሁኔታ ነው። በስልክ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ብቻ ቼዝ የተማረ ወጣት በውድድር አዳራሽ ከእንጨት ሰሌዳ ፊት ሲቀመጥ፣ ማንበብ የለመደው ጽሕፈት በፊቱ የለም። ለእንዲህ ያለ ተጫዋች ከጎን የሚታይ ማሳያ ልምምድ ሊሆነው ይችላል። እርግጥ ነው፣ ከሥዕሉ ይልቅ የእንጨቱ ሰሌዳ ራሱ የተሻለ አስተማሪ ነው።

ሁለተኛው የምስሉን ጉድለት የሚሞላ መሣሪያ ሲገኝ ነው። በራስ ላይ የሚጠለቅ የምናባዊ እውነታ መሣሪያ ለሁለቱ ዓይኖች የተለያየ ምስል ይሰጣል፤ አንገት ሲንቀሳቀስም እይታው አብሮ ይንቀሳቀሳል። በተራ ስክሪን ላይ ያነሣሁት ነቀፋ እዚህ በአብዛኛው ይወድቃል።

ሦስተኛው ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠን ነው። ዓይነ ስውራን በሚጫወቱበት ሰሌዳ ጥቁሮቹ ቤቶች ከነጮቹ ከፍ ብለው ይሠራሉ። እያንዳንዱ ጠጠር በቤቱ መካከል ባለ ቀዳዳ የሚገባ እግር አለው፤ የጥቁሩ ወገን ጠጠሮችም በአናታቸው ላይ ምልክት ይደረግባቸዋል። እዚህ ሰሌዳ ላይ ከፍታ ለውበት የገባ አይደለም። እያንዳንዱ ከፍታና ዝቅታ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ ቤቱ ምን ዓይነት ነው? ጠጠሩ የማን ነው? በስክሪን ላይ የምናየው የንጉሥ ቁመት ግን ስለ ጨዋታው ሁኔታ የሚጨምረው አንዳች ነገር የለም፤ ያውም የኋላውን እየከለለ። አንድ አውታር ወደ ማሳያ ሲገባ «ምን ይናገራል?» ተብሎ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ለተማሪዎቼ የምተወው ሥራ

ክርክሬ በጂኦሜትሪና በቀደሙ ጥናቶች ላይ የቆመ ነው። በሙከራ መፈተን ይገባዋል፤ ሙከራውም ከዐቅማችን በላይ አይደለም። ሦስት ሁኔታዎች ይዘጋጁ፦ የእንጨት ሰሌዳ፣ ጠፍጣፋ ማሳያና ባለ ሦስት አውታር ማሳያ። ለተሳታፊው «ንጉሡ በአደጋ ላይ ነው ወይስ አይደለም?» የሚል አጭር ጥያቄ ይቅረብለት፤ የመልሱ ጊዜና ትክክለኛነት ይለካ። አደጋው በቁም፣ በአግድምና በሰያፍ የሚመጣባቸው አቀማመጦች በእኩል ቁጥር ይኑሩ፤ ምክንያቱም ስሌታችን ትክክል ከሆነ ጉዳቱ በሦስቱ ላይ እኩል ሊሆን አይችልም። የሁኔታዎቹ ቅደም ተከተል ከተሳታፊ ተሳታፊ ይቀያየር። ከሁሉ በላይ ደግሞ በስክሪን የተማሩና በእንጨት የተማሩ ተጫዋቾች ተለይተው ይመዝገቡ። ያለዚያ የማሳያውን ጠባይ ከተጫዋቹ ልማድ መለየት አንችልም። በእንጨት የተማሩትም በጠፍጣፋው ከፈጠኑ ሐሳቤ ይጸናል፤ እያንዳንዱ ወገን በለመደው ብቻ ከፈጠነ «ልማድ ነው» ያሉት ሰዎች ረትተዋል።

ከሰሌዳው ባሻገር

ለምን ይህን ያህል ደከምን? ምክንያቱም ከቼዝ ሰሌዳው ውጭ ይኸው ምርጫ በየዕለቱ ስለሚገጥመን ነው። በየመመረቂያ ጽሑፉ በሦስት አውታር የቆሙ የዓምድ ግራፎችን እናያለን። የፊቱ ዓምድ የኋላውን ይከልላል፤ የዓምዱ አናት ከየትኛው መስመር ጋር እንደሚነጻጸር አይታወቅም። ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማጊል በ1984 እንዳሳዩት፣ ሰው በጋራ መለኪያ ላይ ያለን ቦታ ሲያመዛዝን ከሌሎች መንገዶች ይልቅ ትክክለኛ ነው፤ ስፋትንና ይዘትን ሲገምት ግን ይሳሳታል። ያን ግራፍ አይቶ በጀት የሚመድብ፣ መድኃኒት የሚያከፋፍል ወይም ትምህርት ቤት የሚሠራበትን ወረዳ የሚመርጥ ኃላፊ የሚከፍለው ዋጋ ከአንድ የቼዝ ጨዋታ ይበልጣል።

በአንጻሩ የሰውን አካል የሚመረምር ሐኪም ወይም የተራራን ቁልቁለት የሚያጠና መሐንዲስ ሦስተኛውን አውታር በእርግጥ ይፈልገዋል፤ በእነርሱ ዘንድ ከፍታ መረጃ ነውና። ደንቡ አንድ ነው። ነገሩ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ስትፈልጉ ሣሉት። ሰው በነገሩ እንዲያስብበት ስትፈልጉ ጻፉት። የትኛውን እያደረጋችሁ እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ ዕወቁ።

 ጥያቄና ተቃውሞ ያላችሁ፣ በተለይም ተቃውሞ ያላችሁ፣ መድረኩ የእናንተ ነው።